ዘንጉ አሪፍ፣ ሪሉ ደህና፣ ክሩ ግን ጉድ ሠራኝ

ስለዚህ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም ተውኩት። መጀመሪያ ተናድጄ ስለነበር ከስድብ በቀር ምንም አልወጣኝም። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ደህና ዓሣ በያዝኩ ማግስት ነበርና ሙገሳ ብቻ ሆነብኝ። አሁን ሦስት ጉዞ፣ በጠቅላላው 19 ቀን ተጠቅሜበት ልቤ ስለረጋ ያየሁትን ላውራችሁ።

ዕቃው ባለ 8 ቁጥር የጨው ውሃ ፍላይ ፊሺንግ ጥቅል ነው። በአንድ ሳጥን ዘንግ፣ ሪል (ክሩ የሚጠቀለልበት መዘውር)፣ ክር፣ ሊደር (ክሩ ጫፍ ላይ የሚታሰር ቀጭን ክር)፣ ስድስት ፍላይ (ላባና ፀጉር የታሰረባቸው መንጠቆዎች) እና አንዲት ቀጭን መመሪያ ይመጣል። ሳጥኑ ላይ በትልቁ «ለሞቃታማ ባሕር» ይላል፤ ከሥሩ አየር ላይ የተንሳፈፈች ታርፖን የምትባል ግዙፍ ዓሣ አለች። የአምራቹን ስም አልጠራም፣ ጠብ አልፈልግም።

ለማያውቁት ትንሽ ልበል። በተለመደው ዓሣ ማጥመድ የምትወረውረው እርሳሱን ነው፤ ክሩ ተከትሎ ይሄዳል። በፍላይ ግን መንጠቆው ላይ የታሰረችው ላባና ፀጉር ክብደት አላት ለማለት ያስቸግራል። ስለዚህ የሚወረወረው ክሩ ራሱ ነው። ወፍራም ነው፣ በፕላስቲክ የተለበጠ ነው፣ ክብደቱም በቁጥር ይነገራል። 8 ቁጥር ሲባል የክሩ የመጀመሪያ 9.14 ሜትር ወደ 13.6 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ዘንጉ ጠመንጃ ከሆነ ክሩ ጥይቱ ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ከባሕሩ ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ፣ ከጉልበት በማያልፍ ውሃ ውስጥ ዓሣውን በዓይንህ አይተህ ለሚሠራው ዓይነት አደን 8 ቁጥር መሐለኛው ነው። ለቦንፊሽ፣ ለስኑክ፣ ለአነስተኛ ፐርሚትና ለሕፃን ታርፖን ይበቃል። ትልቅ ታርፖን ወይም ጃይንት ትሬቫሊ ከመጣ ግን 12 ቁጥር ካልያዝክ ቆሞ ማየት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2001 ጂም ሆላንድ ጁኒየር ፍሎሪዳ፣ ሆሞሳሳ ላይ በፍላይ የያዘው ታርፖን ከ200 ፓውንድ በላይ ነበር፣ በኪሎ ወደ 92 ማለት ነው። እንግዲህ ሳጥኑ ላይ ያለችው ታርፖን ገና ከመክፈትህ በፊት እየዋሸችህ ነው። እኔ ይሄ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ከዘንጉ ልጀምር፣ ምክንያቱም ስለሱ የምለው በአብዛኛው ጥሩ ነው። 9 ጫማ ነው፣ ማለትም 2.74 ሜትር። አራት ቦታ ይፈታል፣ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ አለ፤ ነጥቡን ከነጥቡ ካገጣጠምክ ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች ሁሉ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ገና ሳይነጋ በግማሽ ዓይንህ ዘንግ ስትገጣጥም ዋጋዋ ይገባሃል። የቡሽ እጀታው ሲታይ የሚያምር ነው። ከአራተኛው ቀን በኋላ ግን ቀዳዳዎቹን የሞሉበት ነገር እየረገፈ አውራ ጣቴ ሥር ጎድጎድ አለ። ለመያዝ ችግር የለውም፣ ዓይን ግን ይገባል።

ዋናው ጥያቄ ነፋስ ነው። ባሕር ላይ ነፋስ የሌለበት ቀን ስጦታ ነው፣ 15 ኖት (በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ) ደግሞ የተለመደ ቀን ነው። እዚህ ላይ ዘንጉ አላሳፈረኝም። ጠንካራ ነው፣ ቶሎ ይቃናል፣ ዘንጉ ወደኋላም ወደፊትም ሲሄድ በሌላው እጅ ክሩን ጎተት አድርገህ የመልቀቁን ነገር (ደብል ሆል የሚሉትን) የምትችል ከሆነ ነፋሱን ፊት ለፊት ሰንጥቀህ 15 ሜትር ማድረስ ትችላለህ። ደብል ሆል የማትችል ከሆነ ዘንጉን ሳትገዛ በፊት እሱን ተማር። የምሬን ነው። ሣር ላይ ቆመህ መንጠቆ በሌለው ክር በየቀኑ 20 ደቂቃ ብትለማመድ የትኛውም ውድ ዘንግ የማይሰጥህን ታገኛለህ።

ሁለተኛው ጉዞ ላይ የዘንጉ ጫፍ ተሰበረ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልናገር። ያሰርኩት ክላውዘር ሚኖው ነበር፤ ቦብ ክላውዘር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለወንዝ ዓሣ ብሎ የሠራትና ኋላ ባሕሩን ያጥለቀለቀች ፍላይ ናት። እርሳስ ዓይኖች አሏት፣ በነሱ ክብደት ተገልብጣ መንጠቆዋን ወደ ላይ አድርጋ ስለምትሄድ ድንጋይና ሣር አይዛትም። እነዚያ ዓይኖች ግን ነፋስ ገፍቷቸው ዘንግህን ከነኩት ጠጠር እንደመወርወር ነው። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ዞር ብዬ አየሁ፣ ምንም የለም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ክንዴን እንኳ የማትሞላ ዓሣ ስስብ ጫፉ እንደ እርሳስ ተሰበረ። ዘንጉ የተሠራበት ካርቦን እንዲህ ነው፤ ቁስሉን ደብቆ ይዞ ይቆይና በማትጠብቀው ሰዓት ያሳይሃል።

ዋስትናው ላይ ግን ሊመሰገኑ ይገባል። ፎቶ ጠየቁኝ፣ ላክሁ። ለምን፣ እንዴት ብለው አልተከራከሩኝም። በአምስት ሳምንት አዲስ ጫፍ መጣ። አምስት ሳምንት ረጅም ነው፣ ግን መጣ።

ወደ ሪሉ። በወንዝ ዓሣ ሪል የክር ማስቀመጫ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባሕር ላይ ግን ዋናው ነገር ፍሬኑ ነው። ቦንፊሽ ስታያት አታስፈራም፤ ትልቅ የምትባለው አራት ኪሎ አካባቢ ናት። መንጠቆው ሲሰማት ግን ወደ ጥልቁ ትፈተለካለች፣ 100 ሜትር ክር በአንድ ትንፋሽ ልትወስድብህ ትችላለች። የመጀመሪያዋን የያዝኩ ቀን የጀልባዋ ወለል ላይ የተጠቀለለው ክር እግሬ ሥር እየተወናጨፈ በቀለበቶቹ አልፎ ሲያልቅ ሪሉ ጮኸ፣ እኔም እንደ ጅል የሪሉን እጀታ ያዝኩ። እጀታው ሦስት ጣቴን ገጭቶኝ አለፈ። ዓሣዋ ስትሮጥ እጅህን አንሳ፣ ፍሬኑ ሥራውን ይሥራ። እስከ ማታ ጣቴ አብጦ ሹካ መያዝ አቃተኝ።

የዚህ ሪል ፍሬን የተደፈነ ነው፣ ውሃና አሸዋ አይገባውም። ሁለት ጊዜ አሸዋ ላይ ጥዬው፣ አንዴ ከነዘንጉ ባሕር ውስጥ ሰጥሞብኝ አይቻለሁ፤ አለቀቀም፣ አልጠበቀም፣ እየነጠረ አልሄደም። ፍሬን ሲጀምር ከዘገየና ነጠር ነጠር ካለ ቀጭኑ ክር ይበጠሳል፣ ስለዚህ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የሪሉ እምብርት ሰፊ ስለሆነ ዓሣዋ ወዳንተ ስትመለስ ክሩን ቶሎ ትሰበስባለህ። እንከኑ ሁለት ነው። ሪሉን ከእግሩ ጋር የምታያይዘው ብሎን ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ዛገች፣ አውጥቼ በማይዝግ ቀየርኳት። ሌላው ደግሞ ፋብሪካው ወፍራሙን ክር ሪሉ ላይ ከሥሩ ከተጠቀለለው መጠባበቂያ ክር ጋር ያገናኘበት ቋጠሮ እንደ ባቄላ ፍሬ ያብጣል። ዓሣ ሲሮጥ እያንዳንዱን ቀለበት «ጠክ ጠክ» እያደረገ ነው የሚያልፈው። አንዴ ቢይዝ አለቀልህ። ፈትቼ ራሴ አሰርኩት። መጠባበቂያው ራሱ 150 ሜትር ነው፤ እኔ 200 ቢሆን እመርጥ ነበር፣ ግን እስካሁን አልጨረሱብኝም።

አጠባው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ይሳሳታልና። ሪሉን በኃይለኛ የውሃ ግፊት አትመቱት። ጨውን የምታጥቡ መስሏችሁ ወደ ውስጥ ነው የምትገፉት። ፍሬኑን አጥብቆ ለብ ባለ ንጹህ ውሃ ቀስ አድርጎ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ ፍሬኑን አላልቶ ማስቀመጥ። በቃ።

አሁን ወደ ክሩ።

የመጀመሪያው ጉዞ ሁለተኛ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ የጀልባዋ ወለል በባዶ እግር አይረገጥም። እኔ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ቆሜያለሁ፣ ሊወረወር የተዘጋጀው ክር እግሬ ሥር ተጠቅልሏል። ጋይዱ (ዓሣ የሚያሳየኝ መሪ) ከኋላ ከፍ ያለችው መድረክ ላይ ሆኖ ጀልባዋን በረጅም ዘንግ እየገፋ ያያል። ጋይዶች አቅጣጫ የሚናገሩት በሰዓት ነው፤ የጀልባዋ አፍንጫ 12 ነው፣ ቀኝህ 3፣ ግራህ 9። ድንገት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፐርሚት። 11 ላይ። 15 ሜትር። ወደኛ እየመጣ ነው» አለኝ።

አየሁት። ጥቁር ማጭድ የመሰለ ጅራት ከውሃው ወጣ፣ ተመልሶ ገባ። ፐርሚት ማለት ለዚህ ስፖርት ሰዎች ስሙ ሲጠራ ድምፅ የሚቀነስለት ዓሣ ነው። ያማል። ሸርጣን ይበላል፣ ያንተን ሸርጣን ግን ተከትሎ፣ አሽትቶ፣ ንቆት ይሄዳል። ዴል ብራውን የሚባለው ሰው ሜርኪን የተባለችውን የሸርጣን ፍላይ ሠርቶ በሕይወት ዘመኑ ከ500 በላይ ፐርሚት ያዘ ሲባል ሰው እስካሁን የሚደነቀው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው አንድ ሳይዝ ዓመታት ያሳልፋል። እኔ በሁለተኛ ቀኔ አንድ ብቻውን የሚበላ፣ ወደኔ የሚመጣ፣ ነፋስ ከጀርባዬ ሆኖልኝ አገኘሁ።

ወረወርኩ። ክሩ ከወለሉ አልነሳም አለ። ተጣብቋል! በሙቀቱ ለስልሶ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ጎትቼ ሳስለቅቀው ደግሞ እንደ እርጥብ ጨርቅ ዘንጉ ላይ ተለጥፎ ሁለተኛው ቀለበት ላይ ተጠመጠመ። ሸርጣኗ ስድስት ሜትር ላይ፣ ራሴው ፊት «ጧ» ብላ ወደቀች። ፐርሚቱ ዞረ። የዞረበት ውሃ ትንሽ ደፈረሰ። ሌላ ምንም አልቀረም።

ጋይዱ አልተናደደም። ወርዶ ክሩን በሁለት ጣቱ ይዞ አጠፍ አደረገው፣ ለቀቀው፣ ክሩ እንደታጠፈ ቀረ። ሳቀ። «ይሄ የወንዝ ክር ነው። የቀዝቃዛ ወንዝ» አለኝ። አንጀቴ ቅጥል አለ። «ለሞቃታማ ባሕር» ያለው ሳጥን ፊቴ ድቅን አለብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፍላይ ክር ውስጡ እምብርት አለው፣ ከላዩ የፕላስቲክ ልባስ አለው። ለቀዝቃዛ ውሃ የሚሠራው ለስላሳ ልባስና የተጎነጎነ ለስላሳ እምብርት ነው የሚደረግለት፤ ምክንያቱም ብርድ ፕላስቲክን ያደርቀዋል፣ ጠንካራው ክር እንደ ሽቦ ምንጭ ይጠቀለላል። ለሙቅ ባሕር የሚሠራው ተቃራኒው ነው፤ ልባሱ ጠንካራ፣ እምብርቱም ብዙ ጊዜ አንድ ወጥ ናይለን ነው፣ ሙቀት ሲያገኘው ልኩን ይይዛል እንጂ አይሟሽሽም። ሁለቱ ሱቅ ውስጥ፣ ቀዝቀዝ ባለ አየር፣ በእጅህ ስትይዛቸው ልዩነታቸው እምብዛም አይታይህም። እኔም አልታየኝም። ልዩነቱ የሚታየው እኩለ ቀን ላይ፣ ዓሣው ወዳንተ ሲመጣ ነው።

ጋይዱ ከራሱ መለዋወጫ ሪል ሙቅ ውሃ ክር አዋሰኝ። ያው ዘንግ፣ ያው እጅ፣ ያው ነፋስ። ክሩ ቀለበቶቹን እየጠረገ ሾልኮ ወጣ። ለጥቂት ደቂቃ ዓሣ መፈለጉን ትቼ ዝም ብዬ ስወረውር ነበር፣ ጋይዱም ገብቶት ዝም አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ዘንጉን ሳማው ነበር፤ ዘንጉ ንጹህ ነው። ከዚያ በኋላ የራሴን የሙቅ ውሃ ክር ገዛሁ፣ የምጽፈው ጥሩ ነገር ሁሉ በሱ የሆነ ነው። እሱም ጣጣ አለው። ቀዝቀዝ ባለ ጠዋት ከሪሉ ሲወጣ እንደ ምንጭ ይጠቀለላል፣ አምስት ስድስት ሜትር እያወጣህ በሁለት እጅ ለጠጥ ማድረግ አለብህ። ፀሐይዋ ስትበረታ ግን ይስተካከላል።

ክሩን ካወቅኩ በኋላ የጥቅሉን ሌሎች ነገሮች በጥርጣሬ ማየት ጀመርኩ። አንድ ሰው የወንዝ ጥቅሉን ወስዶ፣ ዘንግና ሪሉን ለባሕር ለውጦ፣ ሌላውን እንዳለ ትቶ ሳጥኑን ብቻ ቀለም የቀባው ነው የሚመስለው። መመሪያዋን ተመልከቱ። «ዓሣው ሲነክስ» የሚለው ገጽ ላይ አንድ ሰውዬ ዘንጉን ወደ ሰማይ እያነሳ ተስሏል። ለትራውት፣ ለወንዝ ዓሣ፣ ትክክል ነው። እዚህ ግን ትልቁ ጥፋት እሱ ነው። ዘንጉን ስታነሳ ፍላይዋን ከዓሣው አፍ ፊት ነጥቀህ ወደ ላይ ትወስዳታለህ፣ ዘንጉም ስለሚለመጥ መንጠቆው ጠንካራ አፍ ለመብሳት ኃይል አያገኝም። እዚህ የሚደረገው ዘንጉን ወደ ውሃው፣ ወደ ዓሣው አቅጣጫ አድርጎ ክሩን በእጅ ረዘም አድርጎ መሳብ ነው። ክብደት እስኪሰማህ ሳብ፣ ከዚያ ነው ዘንጉ የሚነሳው። እኔ መመሪያዋን አምኜ ሦስት ቦንፊሽ ሸኝቻለሁ። ጋይዱ ከኋላ «ሳብ! ሳብ! ዘንጉን አታንሳ!» እያለ ጉሮሮው ነቃ።

ፍላዮቹ ስድስት ናቸው። ሁለቱ ክሬዚ ቻርሊ ናቸው፣ በባሃማስ አንድሮስ ደሴት ጋይድ በነበረው በቻርሊ ስሚዝ ስም የተጠራችው ትንሽ ሽሪምፕ መሳይ ፍላይ። አሳሰራቸው ንጹህ ነው፣ ቀለማቸውም ፈዘዝ ያለ ስለሆነ ነጭ አሸዋ ላይ ይሠራሉ። መንጠቆዎቹ ግን ተራ ናቸው። አንድ ቀን ከጨው ውሃ በኋላ ሳላጥባቸው ሳጥን ውስጥ ከተትኳቸው፣ በማግስቱ ጠዋት ሳጥኑ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ቡናማ ነበር። ሌሎቹን ንጹህ ፍላዮቼንም አዛገብኝ። ሦስቱ ደግሞ ምን እንደሆኑ እስካሁን አልገባኝም፣ ለወንዝ ነፍሳት የታሰሩ ይመስላሉ። የቀረችው ሸርጣን ናት፤ ጥሩ ናት፣ ያቺን ነው ፐርሚቱ ፊት ሳይሆን ራሴ ፊት የጣልኳት።

ሊደሩ 9 ጫማ ናይለን ነው። ነፋስ ባለበት ቀን ይበቃል። ውሃው ተኝቶ መስታወት ሲመስል ግን ቦንፊሾች ከወፍራሙ ክር ጥላ ይበረግጋሉ፣ 12 ጫማ ያስፈልግሃል። ጫፉ ላይ ፍሎሮካርቦን (ከናይለን የተለየ ሰው ሠራሽ ክር) ጨምሩበት። ብርሃን የሚያጎብጥበት ልክ 1.42 አካባቢ ነው፣ የውሃ 1.33 ነው፤ ከናይለን ይልቅ ለውሃ ስለሚቀርብ ብዙም አይታይም። ቶሎ ይሰምጣል፣ ኮራልም ሲነካው ይሻላል።

በሦስተኛው ጉዞ ምን ያዝኩ? አሥራ አንድ ቦንፊሽ፣ ሁለት ትናንሽ ትሬቫሊ፣ አንድ ስኑክ። ስኑኳ ጉንጯ ላይ ያለው ክዳን ስለት ነው፣ ሊደሩን ልትበጥሰው ምንም አልቀራትም ነበር። ዘንጉ ወገቡ ላይ ጉልበት ስላለው ቦንፊሾቹን ብዙ ሳላደክም አቅርቤያቸዋለሁ። ይሄ ለኔ ትልቅ ነጥብ ነው፤ ደክማ የተለቀቀች፣ ከውሃም ወጥታ የቆየች ቦንፊሽ ሚዛኗን ስታ ለሻርክና ለባራኩዳ ቀለብ ትሆናለች። እኔ መንጠቆውን ውሃ ውስጥ እንዳለች ነው የማወጣው፣ ጫፉ ላይ ያለችውን መመለሻም በፒንሳ እጨፈልቃታለሁ። ፐርሚት የለም። አትጠይቁኝ።

እንግዲህ ይገዛ ወይስ አይገዛ ለምትሉ፣ ዘንጉንና ሪሉን ለብቻ ቢሸጡ ኖሮ ዓይኔን ሳላሽ ግዙ እል ነበር። ይሄን ብዬ ለድርጅቱ ጻፍኩላቸው፤ ያለ ክሩ መግዛት ይቻላል ወይ ብዬ። ጥቅሉ አይፈታም አሉኝ። ስለ ክሩ ግን አልካዱኝም፣ በሚቀጥለው ምርት ይቀየራል ብለዋል። እስካሁን አላየሁትም። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ይሄን ሳጥን ካገኛችሁ ታርፖኗን እለፏትና ከጀርባው በትናንሹ የተጻፈውን አንብቡ። የክሩ እምብርት ናይለን፣ አንድ ወጥ የሚል ካለ ውሰዱት። የተጎነጎነ የሚል ከሆነ፣ ወይም ስለ እምብርቱ ጭራሽ ምንም ካላለ፣ ሌላ ክር የምትገዙበትን ገንዘብ ቀድማችሁ ደምሩበት፣ ከዚያ ነው ዋጋው የሚታወቀው።